ከመፈረምህ በፊት

ውድ ልጄ ኢያሱ፣ ሚካኤል በወጣህበት በገባህበት ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን፤ ሰፈሩ ግን በመንገድ ሥራ አቧራ ብቻ ሆኗል።

ሁለት ኮሌጆች ለእግር ኳስ ቡድናቸው ዋና አሠልጣኝነት እንደፈለጉህ እህትህ ሳምራዊት ነገረችኝ። አንደኛው ትልቅ ስታዲየም አለው አሉ። አባትህንም ድሮ ስመ ጥር ክለብ ጠርቶት ነበር፤ እሱ ግን ትንሽ ኮሌጅ መረጠ። በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ጨዋታ ተሸነፈ። የኮሌጁ ዲን ቤታችን ድረስ ሲመጡ ሊያሰናብቱት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ገብረየስ፣ ተጫዋቾችህ ከትምህርታቸው አልቀሩም። የከርሞውን ቡድን አብረን እናስብ» አሉት።

እዚያው አሥራ አንድ ዓመት ሠራ፤ ክለቡ እስከዚያ ስድስት አሠልጣኝ ቀየረ።

አንተም ከመፈረምህ በፊት «ብሸነፍስ?» ብለህ ሁለቱንም ጠይቅና መልሳቸውን ጻፍልኝ። እግዚአብሔር በተሸነፍክ ማግስት ደጅህን የሚያንኳኳ አለቃ ይስጥህ።

እናትህ የሻሽወርቅ