ዘነቡን ከቅሬው ለማስወጣት

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ወፍጮ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ቀረሁ። ዘነቡ ዛሬም መጣች። ሳልጠይቃት ውኃ ቀዳች፣ ግቢዬን ጠረገች። ከልጄ ቀብር ወዲህ እንዲህ ናት። አረቄ ሻጭ ለሰው ግቢ ይህን ያህል የምትለፋው ለምንድን ነው? ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ልጄን ያጠጣችው እሷ ትመስለኛለች። ሀብታሙን አስፋልቱ ላይ አይሱዙ ሳይገጨው በፊት፣ እሷ ደጃፍ ሲንገዳገድ ያዩት አሉ። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ቅሬው፣ የቀብር ዕድራችን፣ ተሰበሰበ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ የሚቀብረን አንድ ቅሬ ነው። ዳኛው አያ ተፈራ ናቸው፣ የሀብታሙ የክርስትና አባት። ሕጉ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው መጠጥ አይሸጥም ይላል፣ እናስከብረው አሉ። ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤቴ ልጅ ተነሣ። ለትዳር አሥራ ስምንት ይበቃል፣ ለአንድ መለኪያ ሃያ አንድ፤ ሚስት ከአረቄ ትቀላለች ማለት ነው ብሎ ሰውን አሳቀ። ሐጂ ሰይድ ለእኔ ሃያ አንዱም ስድሳውም ያው ሐራም ነው አሉ። አንዲት ሴት፣ በበዓል ጠላውን ለልጆቻችን የምንቀዳው እኛው አይደለንም ወይ አለች።

አያ ተፈራ ወደ ዘነቡ ዞሩ። በሚመጣው እሑድ ከቅሬው ትውጣ፣ የመጨረሻው ቃል ግን የእናትየው ነው አሉ። ሰው ሁሉ እኔን አየ። አስቤ ልምጣ አልኩ።

ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ዘነቡ ዘመድ የላትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እኚህ ሰውዬ ምን አስቸኮላቸው?

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ዘነቡ ቤት ሄድኩ። አልተቀመጥኩም። ቁርጡን ንገሪኝ አልኳት። ሀብታሙ ሰክሮ መጣ፣ አንድ ጨምሪልኝ ብሎ ለመናት። እምቢ ብላ በሩን ዘጋችበት። ይህን ተናግራ አለቀሰች።

“በሩን ባልዘጋበት ኖሮ፣ መደቡ ላይ ባስተኛው ኖሮ፣ ዛሬ ይኖርልሽ ነበር።”

የት ጠጥቶ ነው የመጣው አልኳት። ከማኅበር ነው የመጣሁት ብሏታል። ዋሽተሻል ብያት ወጣሁ። ማኅበር ላይ ልጅ የሚያሰክር ማን አለ?

ቤት ገብቼ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። ከመርሳ እስከ ግራና ከተማ በመንገዱ ያለውን አረቄ ቤት ሁሉ ጠይቄያለሁ። ማኅበርተኞቹን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የቅዱስ ዝክር ነው ብዬ። ልጄ የሞተ ዕለት መድኃኔዓለም ነበር። ባለተራው አያ ተፈራ። ሀብታሙም በርጩማ ሊያመላልስላቸው ሄዶ ነበር።

የለም። ዘነቡ ራሷን ለማዳን ነው። ወይስ?

ጥቅምት 22፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

አያ ተፈራ መጡ። ለሀብታሙ የአርባ ቀን ተዝካር የጠላ ጌሾ አሸክመው። ደህና ነሽ ወይ፣ በርቺ አሉኝ። የእሑዱን ነገር አነሡ። ዘነቡ ትውጣ በይና ነገሩ ይብቃ አሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። ያን ዕለት ከቤትዎ ስንት ሰዓት ወጣ? ስለ መጠጥ ትንፍሽ አላልኩም።

ቆባቸውን አወለቁ። መልሰው አጠለቁ።

“ትንሽ ነው ያቀመስኩት። ሲሠራ ውሎ፣ ወንድ ልጅ አይደል? ደግሞስ ባዳ ነኝ ወይ? የክርስትና ልጄ ነው።”

አንድ መለኪያ ነበር፣ ሰዎቹ ድገመው ድገመው አሉት፣ እሱም አሳቃቸው አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህ ነገር እዚሁ ይቅር፣ ማኅበሩ ይሰደባል አሉኝ። ሕጉ ስለሚሸጥ ሰው ነው የሚያወራው፣ እኔ አልሸጥኩለትም አሉ። ዘነቡስ አልኳቸው።

“እሷ እንደሆን ስሟ ድሮም የጠፋ ነው።”

ሲወጡ የበሩን መቃን ሳሙ። እኔ ግን አልሸኘኋቸውም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ፣ ማለዳ

ዘነቡ ደጅ እየጠረገች ነው። ግቢ አልኳት። ቁርስ አብረን በላን። እሷ እሑድ መሆኑን ታውቃለች፣ አልጠየቀችኝም።

አያ ተፈራ ክፉ ሰው አይደሉም። አባቴን የቀበሩ ናቸው። ልጄንም አፈር ሲያለብሱት አካፋውን ለሌላ ሰው አልሰጡም፤ ያኔ ሐዘን መስሎኝ ነበር። ማኅበርተኛው ይጠላኛል። ምናልባት እኔንም ከቅሬው ያወጡኛል።

ጠላ አልጠምቅም። ለአርባው የማያሰክር የማር ብርዝ ይቀዳል፤ ለትልቁም፣ ለትንሹም፣ ለሐጂ ሰይድም።

ቅሬው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዘነቡን ከጎኔ አስቀምጣታለሁ። ቃልሽን ስጪ ሲሉኝ እነሣለሁ፤ ለልጄ ማን ቤት፣ ማን እንደቀዳለት፣ አያ ተፈራን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እናገራለሁ።