በአርባህ የጠፋው መንገድ

ይድረስ ለሀብትሽ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በደብዳቤ ወግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው፤ የአንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? የእኔን ከሆነ ደህና ነኝ። እግዜር ይመስገን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቄን እከፍታለሁ። ናፍቆት ብቻ አስቀምጧት ነው የምትጽፈው ብለህ እንዳትደሰት፤ ተናድጄ ነው። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔን ያድርገኝ። ሕያዋኑንም ወቅሼ ያተረፍኩት ነገር የለም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ጌም ቤትህ ተዘግቷል። ልጆቹ መጀመሪያ አዲሱ ማሽን ወዳለበት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሰፈር ሄዱ፤ በኋላም ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ያቺን ያረጀች ጥቁር ፕሌይስቴሽንህን ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ። ክፍሉን ለውርርድ ቤት አከራየሁት። አዎ፣ ቤቲንግ! በበሩ ስታልፍ በአፍንጫህ የምትስቅበት ቤቲንግ አሁን አንተ ክፍል ውስጥ ነው። ምን ላድርግ፣ ያንተ ኩራት አያበላኝም። መብራት እንደሆነ እንደ ድሮው ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ከአንተ የተማረ ይመስለኛል።

ያ ክፍል ተማሪው ከትምህርት ቤት እስኪለቀቅ ባዶ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ያንን ጩኸታም ኮምፒውተር ትከፍትና ራስህ የምትሠራውን ጌም ኮድ ትጽፋለህ፤ በፍላሽ አድርገህ ማሽኗ ላይ ትጭነዋለህ፤ ማሽኗ ጥቁር ስክሪን ታሳይሃለች፤ አንገትህን ደፍተህ ወደ ኮምፒውተሩ ትመለሳለህ። አራት ዓመት ሙሉ! ጎረቤቶቻችን ባልሽ ጠዋት ጠዋት ምን ይሠራል ሲሉኝ «ያስተካክላል» እላቸው ነበር። ምን እንደምታስተካክል እኔም አላውቅም ነበር። የፊደሎቹ ነገር ደግሞ! ማሽኗ አማርኛ አታውቅምና እያንዳንዷን ፊደል በነጠብጣብ ስትሥላት፣ ጌሙ ውስጥ ያለችው የጨለለቅቱ ከተማ «ጨ» አልቆም ብላህ አንድ ሳምንት ከእሷ ጋር ስትታገል አይቼሃለሁ።

ለዚያች ማሽን ጌም መሥራት ዓለም የተወው ነገር እንደነበር የነገርከኝ አንተው ነህ። በኢንተርኔት የምትገናኙ፣ ማንም ሳይከፍላችሁ ለአሮጌዋ ማሽን ጌም የምትጽፉ ሰዎች ነበራችሁ፤ አንዱ ብራዚል፣ አንዱ ፖላንድ፣ አንዱ አልጄሪያ። ከኢንተርኔት ካፌ ስትመለስ «እገሌ ተወን፣ እገሌም ወደ አዲሱ ማሽን ዞረ» ትልና እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ትቀመጣለህ። እኔም ዕድርተኛ እየጎደለባችሁ ነው እያልኩ አሾፍብህ ነበር። በስተመጨረሻ እዚያ ገጽ ላይ የሚጽፈው አንተ ብቻ ነበርክ። የሚያነብህ መኖሩንም እንጃ።

ጌሙ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። የጭነት መኪናው እሸት ቡና ጭኖ ከገደብ ይነሣል፤ ቡናው ሳይበላሽ ዲላ መግባት አለበት። ዝናብ ይመጣል፣ ጭቃ ይይዛል፣ ጨለለቅቱ ላይ ሞተር ሳይክሎች መንገድ ይሻማሉ፣ ይርጋጨፌ ላይ ገበያተኛው አስፋልቱን ይሞላዋል። አባቴ ጨለለቅቱ ላይ ቡና ሰብሳቢ ስለነበር የማውቀውን ነገርኩህ፤ እሸት ቡና ከገደብ ዲላ ድረስ የሚያጓጉዝ እብድ የለም፣ በየከተማው ማጠቢያ አለ አልኩህ። ሳቅህን ለቀቅከውና እሱማ መንገዱ እንዲረዝምልሽ ብዬ ነው አልክ።

ቀጥለህ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያነድደኝን ነገር ተናገርክ። ዲላ ስትደርሺ፣ መጨረሻው ላይ፣ ላንቺ ያስቀመጥኩት ነገር አለ አልክ። ምንድን ነው ስልህ ድረሺና እዪው አልከኝ። ማንም ቀድሞኝ እንዳያየው ብለህ ልጆቹን እንኳ አላስነካሃቸውም። እኔ ደግሞ እጄ ለዚያ ነገር አልተፈጠረም፤ ከይርጋጨፌ ወዲህ ዱመርሶ ያለው መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ እገለበጣለሁ። ለመንኩህ። አኮረፍኩህ። ሽሮ ያለ ጨው ሠርቼ አቀረብኩልህ። አንተ ግን ንቅንቅ አላልክም፤ ትደርሻለሽ፣ ምን ያስቸኩልሻል አልከኝ። ይኸው አንተ ቸኮልክ።

በመጨረሻው ክረምትህ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ኮምፒውተሩን አቃጠለው። እኔ ስደነግጥ አንተ ጌሙ ካርዷ ላይ አለ ብለህ አረጋጋኸኝ፤ ማሽኗ ላይ የምትሰካዋ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሜሞሪ ካርድ። ሌላ ቅጂ አስቀምጥ ብዬህ ነበር። እሺ ነገ አልክ። ነገ ነገ ስትል ጉበትህ ታመመ፤ ወር ሳይሞላ ቀበርንህ።

ያቺ ካርድ አንድ ጠባይ ነበራት። ማሽኗ ፋብሪካ ያልሠራውን ጌም አትለየውም፤ እንደ እናንተ ያለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራውን ስታገኝ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «የተበላሸ» ብላ ትጽፍበታለች። አንተማ እንደ ማዕረግ ነበር የምትቆጥረው። «የተበላሸውን የነካ እጁን እቆርጠዋለሁ» ትላለህ፤ ደንበኛ የሆነ ልጅ ሁሉ ያውቃል፣ የራሱን የእግር ኳስ ቡድን ካርዷ ላይ ሲያስቀምጥ እንኳ ተጠንቅቆ ያልፋታል።

ታናሽ ወንድምህ ታሪኩ ግን አያውቅም። ኑሮው ሐዋሳ፣ ወደ ጌም ቤት የሚገባው በዓመት በዓል ብቻ። ለአርባህ መጣ። ፍትሐቱ ተደርጎ፣ ዝክሩ ተበልቶ ሲያበቃ በወንድሜ ስም የእግር ኳስ ጌም ውድድር ይደረግ አለ፤ ልጆቹም ደስ አላቸው። ዋንጫ ገዛ፣ ስምህን አስጻፈበት፣ ፎቶህን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለ። ካርዶቹ ሞልተው አዲስ ቡድን አልቀበል ስላሉ ጠራርጎ አጸዳቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ያጠፋው የአንተን ነው። የወንድሜ ካርድ ላይ የተበላሸ ነገር ምን ይሠራል ብሎ! ለክብርህ ብሎ! እኔ ጥቁሬን ለብሼ ለስላሳ አድል ነበር። ልጆቹ ስምህን እየጠሩ ሲያጨበጭቡ አብሬ አጨበጨብኩ።

የለቅሶው ሰው ሲበተንልኝ፣ እንደምንም ዱመርሶን አልፌ ልድረስ ብዬ ማሽኗን ከፈትኩ። ካርዷ ላይ የልጆቹ ቡድኖች ብቻ ተደርድረዋል። አወጣኋት፣ መልሼ ሰካኋት፣ ጠረግኋት፣ እፍ አልኩባት። ታሪኩን ስጠራው በሠራው ሥራ እየኮራ ነው የነገረኝ። ጮህኩበት። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ዝም ብለህ የጮህኩትን ያህል ገምት።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። እናትህ ለመጫወቻ ብላ ልጄን አዋረደችው አለች። ሽማግሌ ተላከብኝ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሶፋው ላይ ተደርድረው የጠፋው ምንድን ነው አሉኝ። ዕቃ ነው? አይደለም። ታዲያ ገንዘብ ነው? አይደለም። መሬት ላይ ያለ ነገር ነው? አይደለም፣ መንገድ ነው አልኳቸው፣ ከገደብ ዲላ የሚያመጣ። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ልጄ፣ እኛ ትናንት በዚያው መንገድ ነው የመጣነው፣ ደህና ነው አሉኝ። ተነሥቼ አብሯቸው የመጣውን ታሪኩን ሳምኩት። አለቀሰ፣ ምስኪን። አፌ ይቅር ብሎታል። ሆዴን ግን እንጃ ሀብትሽ፣ ሆዴ ገና አልሰማም።

ለኢንተርኔት ጓደኞችህም ጻፍኩላቸው። ባለችኝ እንግሊዝኛ ሞተሃል ብዬ፣ የጌሙን ቅጂ የላክህለት ሰው ካለ ይስጠኝ ብዬ ለመንኩ። የሰፈር ዕድር ቢሆን ጡሩንባ ይነፋልህ፣ ድንኳን ይተከልልህ ነበር። የእናንተው ማኅበር ግን ወራት ሙሉ ጭጭ! በኋላ ፖላንዳዊው መለሰ። አዝኛለሁ፣ እኔም ማሽኔን ለእህቴ ልጅ ሰጥቻት ከተውኩ ቆየሁ አለ። ገና ስትጀምር ለሙከራ የላክህለትን ግን ፈልጎ ላከልኝ፤ እግዜር ይስጠው። አንድ የድሮ ደንበኛህ ጫነልኝ። አረንጓዴ ሜዳ አለ፣ ግራጫ መንገድ አለ፤ በመኪናው ቦታ አንዲት ነጭ ሣጥን አለች። ከገደብ ትነሣና ትንሽ ሄዳ ትቆማለች፤ ከዚያ ወዲያ ገና አልሠራኸውም ነበር። ከሞትክ ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ የምትጽፉበት ገጽ ራሱ ተዘጋ።

አሁን ሰው ሁሉ መጨረሻውን ሊነግረኝ ይፈልጋል። እህቴ እወድሻለሁ ብሎ ጽፎልሽ ይሆናል ትላለች። ታሪኩ የሠርጋችሁን ፎቶ አስገብቶበት ይሆናል ብሎ ላከብኝ። ይሆናል፣ ይሆናል! እወድሻለሁ ለማለት አፍ ነበረህ፤ ለዚያ አራት ዓመት መንገድ መሥራት አያስፈልግህም ነበር። ምናልባትም ቡናው ተበላሽቷል ብለህ ልትስቅብኝ ነበር፤ አንተን አላውቅህም? ግን አላየሁትም። እጄ ላይ ያለው እውነት ይህ ብቻ ነው።

እንደማልረሳህ ታውቃለህ፤ እሱን ቃል መግባት አያስፈልገኝም። ቃል የምገባልህ ሌላ ነገር ነው። የገደቡን ቁልቁለት፣ የጨለለቅቱን ጭቃ፣ የይርጋጨፌን ገበያተኛ ልክ አንተ እንደሠራኸው አስታውሳለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ፤ ዱመርሶ ስደርስም እንደ ወጉ እገለበጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ለመጽናናት ብዬ ከራሴ አልፈጥርልህም፤ ባዶውን ይቀመጥ። እዚያ ስንገናኝ መጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው። ሳትነግረኝ ሰላምም አልልህም።

ሚስትህ አስቴር፤ ከዲላ