የተቃናው ጥላ

ማርች 9፣ ሰኞ
ዛሬም ግድግዳው እምቢ አለኝ። ዴጉ ከተማ ውስጥ የሚሠራው ቤተ መጻሕፍት የውጭ ልባሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ሕንፃው ሳይሠራ መልኩን ኮምፒውተር ላይ ስስለው ግን ወይ መስታወት ይመስላል፣ ወይ የረጋ ወተት። ሸካራነቱን ቀየርኩ፣ ውፍረቱን ጨመርኩ፣ መብራቱን ወደ ውስጥ አስገባሁ... ወይ ፍንክች!
አለቃችን ኩ ከኋላዬ መጥቶ፣ "ሳንግዩን፣ ይሄ ቤተ መጻሕፍት ነው ፍሪጅ?" አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማርች 15፣ እሑድ
ሶንግጁ፣ ገጠር እነ አባዬ ጋ። ሜሎን ለቀማ ላግዝ ሄጄ ፈዝዤ ዋልኩ። አባዬ ሜሎኑ በሚበቅልበት ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ እኔ ከውጭ አየዋለሁ። ወደ ፕላስቲኩ ሲጠጋ ጣቶቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። ትንሽ ፈቀቅ ሲል ይደበዝዛል። ራቅ ካለ ጭጋግ ብቻ... ለካ የእኔ ግድግዳ ከጀርባው ማንም የለም! ባዶ ቤት ምኑን ያሳያል?
"አባዬ፣ እዚያው ቁም! ለትልቅ ሥዕል ነው፣ ዴጉ ላይ የሚወጣ።"
"በዚህ ልብስ?"
"ልብሱ አይታይም።"
"እንግዲያው አንሳ።"
አነሳሁት። ወገቡ ጎብጧል። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ላይ ተጎንብሶ ሲለቅም ኖሮ ምን ይሁን?

ማርች 18፣ ረቡዕ
ሆነልኝ! የአባዬን ጥላ ከልባሱ ጀርባ፣ ከመብራቱ ፊት አቆምኩት። ፕላስቲኩ የእውነት ፕላስቲክ ሆነ። አጠገቤ የምትሠራው ዳሄ "ፎቶ ነው እንዴ?" አለች።
ኩ ግን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ "ይሄ ጎባጣ ሽማግሌ ማነው?"
"ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው።"
ለምን እንደዚያ አልኩ? አፌ ቀደመኝ... አይ፣ አፌ አይደለም። እኔ ነኝ።
"የአረጋውያን መጦሪያ አስመሰለው እኮ። አቃናልኝ።"
አቃናሁት። ትከሻውን ይዤ ወደ ላይ ጎተት፣ ወገቡን ወደ ውስጥ ገፋ... አለቀ። እንዲህ ቀላል ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ማርች 19
የጎበጠውን የድሮ ጥላ ከፍቼ አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት።

ማርች 27፣ ዓርብ
ሥዕሉ ጸደቀ። በግንባታው አጥር ላይ ትልቅ ሆኖ ተሰቀለ። እማዬ ደወለች።
"አባትህ 'ዴጉ ላይ ተሰቀልኩ' እያለ መንደሩን አሰለቸ። መጥቶ ይየው?"
"አይምጣ። መንገዱ ይርቃል።"
"ዴጉ? ከመቼ ወዲህ?"
"ወገቡን ያመዋል ብዬ ነው።"
ወገቡን አልኩ። እኔ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ
መጣ። ሳይናገር... ለሠርግ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለብሶ፣ አንድ ካርቶን ሜሎን ታቅፎ አጥሩ ሥር ቆሟል። ከኩና ከዳሄ ጋር ሥራውን ልናይ እየገባን ነበር። በሌላው በር ልዞር አሰብኩ። እግሬም ዞሮ ነበር።
"ሳንግዩን!"
ኩ "ማናቸው?" አለኝ።
"አባቴ ናቸው።"
አልኩት። ኩ የአባዬን ወገብ አየ፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ እኔን። ዳሄ ካርቶኑን ተቀበለችው።
አባዬ ጥላውን በጣቱ እያሳየ፣ "እኔ ነኝ! አወቃችሁኝ?" አላቸው። "ሐኪም ያቃተውን ልጄ አቃናልኝ።" እየሳቀ ነው፣ ግን የምሩን ነው። ምነው በሰደበኝ!
ኩ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳው፤ ለደንበኛ እንኳ እንደዚያ ዝቅ ሲል አይቼው አላውቅም።
"በል ፎቶ አንሳኝ፣ እናትህ ትየው" አለኝ አባዬ። ከጥላው አጠገብ ቆሞ ቀና ለማለት ታገለ። ያመዋል፣ ፊቱ ላይ ይታያል።
"አባዬ ተው፣ እንደ ወትሮህ ቁም።"
"እንደሱ ከቆምኩማ፣ እኔ መሆኔን ማን ያምናል?"
አነሳሁት።