ፈረስ ላይ ያወጣሽኝ ቀን

ውድ ሚጢጢ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አልጠይቅሽም። በየቀኑ ስልኬ ላይ የምትደረድሪውን መልእክት ስለማይ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ። እኔ ግን፣ እንድታውቂው ያህል፣ መቀመጫዬ ላይ የበለዘው ቦታ ገና አልለቀቀኝም፤ ስፌት መኪናው ፊት ትራስ ደርቤ ነው የምቀመጠው። ደንበኞቼ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሉኝ "ሽርሽር ሄጄ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ዝም ያልኩሽ ስለኮረፍኩ ብቻ አይደለም። ኩርፊያዬን ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ራሴ ደውዬ "ምሳ በላሽ?" እልሻለሁ። ይኼኛው ሌላ ነው። በስልክ ከጀመርኩት እጮሃለሁ፣ ስጮህ ታለቅሻለሽ፣ ስታለቅሺ አባብልሻለሁ፣ ነገሩም እንደ ወትሮው እኔው ይቅርታ ጠይቄ ያልቃል። ዛሬ ይቅርታ መጠየቅ አላሰኘኝም። ስለዚህ የሱቁን በር ዘግቼ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ጨርቅ ገፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

እዚሁ ሱቅ መጥተሽ ነው የለመንሽኝ። ካውያ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽና "ከሰርጌ በፊት እኔና አንቺ ብቻ፣ ባሕሩ መሐል ያለችው ደሴት ላይ ጥቂት ቀን እንረፍ" አልሽኝ። "ሥራዬን ማን ይሠራዋል?" ብልሽ "እቴቴ፣ ባሕር ሳታዪ ልታረጂ ነው እኮ!" ብለሽ አሳቅሽኝ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት፣ ከመኪናው ቀና የማልልበት ወቅት ነበር። ቢሆንም ዘጋሁ። ለራሴ ሱሪ ሰፋሁ። የሰው ልኬት ስወስድ የኖርኩት ሴትዮ የራሴን ስወስድ፣ ወገቤ የት እንደደረሰ አይቼ ደነገጥኩ።

ጀልባው ላይ አንጀቴ እስኪገለበጥ ሳስመልስ ፀጉሬን ሰብስበሽ ያዝሽልኝ። ያኔ በሆዴ "ያሳደግኳት ልጅ ደረሰችልኝ" ብዬ ተደሰትኩ፤ እንዲያ እየታመምኩም ተደሰትኩ። ማረፊያችን ሁለት አልጋ፣ አንድ መስተዋትና ባሕሩን የሚያይ በረንዳ ነበረው። አንቺ ስልክሽ በጠራ ቁጥር በረንዳው ላይ ወጥተሽ በሩን ትዘጊያለሽ። "ሙሽራው ነው?" ስልሽ አዎ ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። "እስኪ ትንሽ አስናፍቂው፣ አሁን ከጠገበሽ ኋላ ምን ሊሆን ነው?" ብዬ ቀለድኩብሽ። ቂል ነበርኩ።

በማግስቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ አሳየሽኝ፤ "አጭር የፈረስ ጉዞ፣ ለጀማሪዎች፣ ከመሪ ጋር" ይላል። እኔ ውሻ ሲያዛጋ መንገድ የምቀይር ሰው ነኝ፤ ሞቼ እገኛለሁ አልኩሽ። አንቺ ምን አልሽ? "እቴቴ ትሙት፣ እኔም ነክቼው አላውቅም። አብረን እንፈራለን።" በእኔ ነው የማልሽው፣ ሚጢጢ።

ፈረሶቹ ጋ ስንደርስ ግን ግራጫው ፈረስ ከሰልፉ ወጥቶ መጣና አፍንጫውን ቀጥታ ኪስሽ ውስጥ ከተተው። እኔ ጮህኩ፤ አንቺ አልደነገጥሽም፤ ግንባሩን ገፋ አድርገሽ "ሰው ይወዳል መሰለኝ" አልሽ። ፈረሱ ካሮት ነበር የሚፈልገው። ከመቼ ጀምሮ ካሮት ይዘሽለት እንደምትመጪ እሱ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የማላውቀው። የፈረሶቹ ባለቤት፣ ያቺ ደንደን ያለች ሴትዮ፣ የራስ መከላከያ ቆብ ስታጠልቅልኝ "ታላቋ አንቺ ነሽ አይደል? በመጨረሻ መጣሽ!" ብላ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ደንበኛ አያያዝ ማለት እንዲህ ነው ብዬ አደነቅኳት።

እሱ፣ ፈረስ መሪው፣ ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ ስቦ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር የቆመው። ፂሙ ነጭ ነው፤ ቆዳው በፀሐይ ብዛት እንደ ኮርቻው ሆኗል። እንኳን ያወቅሁት፣ ልብም አላልኩትም። ጀማሪዎች ተራ በተራ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ ደፋሮቹ የልጓሙን ዛብ ራሳቸው ይይዛሉ፣ የፈራ ሰው ግን ፈረሱ በገመድ እየተመራ ይሄዳል ብላ የፈረሶቹ ባለቤት አስረዳችን። ማን ፈሪ እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገም። "ይቺን እኔ እመራታለሁ" አለ ሰውየው በሻከረ ድምፅ፤ ከእንጨቱ መወጣጫ ላይ አሳፈረኝ። የተሰጠችኝ አሮጊት ባዝራ ስሟ "ወይዘሮ" ነው፤ አካሄዷም የወይዘሮ ነው፣ ለማንም አትቸኩልም።

ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ይኼን መደበቅ አልችልም። አሸዋው ላይ አብሮን የተሰለፈው ያ የሚያሽካካው ሽማግሌ ቱሪስትና ሚስቱ ከፊት፣ አንቺ መሐል፣ እኔ መጨረሻ። ከላይ ሆኜ ባሕሩን ሳይ ትከሻዬ ላይ የተሸከምኩት ነገር ሁሉ የወረደ መሰለኝ። "ሚጢጢ፣ እዪኝ! እዪኝ እንጂ!" ብዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ዞር ብለሽ ሳቅሽልኝ። መታጠፊያው ላይ ፎቶ የሚያነሳው ሰውዬ "ፈገግ በሉ!" ሲል፣ ገመዴን የያዘውን ሽማግሌ ቁልቁል እያየሁ ጥርሴ እስከ መንጋጋዬ ታየ።

ከመታጠፊያው አለፍ እንዳልን ሰውየው ወይዘሮን አቆማት። "ምነው?" አልኩት ደንግጬ። "ፈረስ ኮርቻ ሲጫንበት አየር ስቦ ሆዱን ይነፋል፤ ኮርቻው ሆዱ ሥር የሚታሰርበት ጠፍር የጠበቀ ይመስልሻል። ትንሽ ሄዶ ሲተነፍስ ይላላል። እዚህ ካላጠበቅነው ኮርቻው አንቺን ይዞሽ ይዞራል" አለኝ። መቆለፊያውን ለማየት መነጽሩን አወለቀ፣ ጉልበቴ ሥር ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን ሳበ፣ ቀና አለ። "አይዞሽ ኩርፌ፣ አትወድቂም" አለኝ።

ኩርፌ። ይኼን ስም አንቺ አታውቂውም፤ ያኔ ጡት አልጣልሽም። በዓለም ላይ እንዲህ ብሎ የጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ፣ መሪ አላስይዝ ሲለኝ ሳኮርፍ ያወጣልኝ ስም ነው። እማዬ ስሙን አትወደውም ነበር። አንድ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ "ሳምንት እመለሳለሁ" ብሎ ከሄደ ወዲህ ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ አንቺን አየሁሽ። ግራጫውን ፈረስ፣ ነክቼው አላውቅም ያልሽውን፣ በአንድ እጅሽ አዙረሽ ቆመሻል። ፊትሽ ስጦታ ሰጥቶ እስኪፈታ እንደሚጠብቅ ሰው ያበራል። "እቴቴ፣ አባዬ ነው" አልሽኝ። "አባዬ" የሚለው ቃል ከአፍሽ እንዴት እንደወጣ ታውቂያለሽ? እንደለመድሽው ነው የወጣው። "ከመቼ ጀምሮ?" አልኩሽ። "ካቻምና" አልሽኝ። ካቻምና! መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ላከኝ እያልሽ ስትሄጂ ሻንጣሽን ያሰርኩት እኔ፣ ይበርድሻል ብዬ ሹራብ የጨመርኩት እኔ።

"አውርዱኝ" አልኩ። አንቺ አልተንቀሳቀስሽም። እሱ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ከፈረስ መውረድ አላውቅም። ወይ እነዚያን እጆች መያዝ አለብኝ፣ ወይ እዚያው መቀመጥ። ማታ በረንዳው ላይ ለምን እንዲህ አደረግሽ ብልሽ ምን እንዳልሽኝ አልረሳውም። "ሌላ ቦታ ቢሆን ጥለሽን ትሄጂ ነበር፤ ፈረስ ላይ ከሆንሽ ግን የትም አትሄጂም ብዬ ነው" አልሽኝ። ፈገግ ብለሽ ነበር። ጥሩ ያሰብሽ መስሎሽ ነበር።

ስለዚህ ተቀመጥኩ። እሱ ገመዱን ይዞ እየመራ፣ ፊቱን ወደ ወይዘሮ ጆሮ አድርጎ አወራ። ልመጣ ልመጣ እያልኩ ጊዜው ሄደብኝ አለ። አፍሬ ነው አለ። እኔም "ዝም ብለው ይምሩ" አልኩት። እንደማላውቀው ሰው፣ በአክብሮት። እሱም "የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ?" አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ "ያ አጭቶሽ የነበረው መምህር ቀለበቱን መመለሱን ሰማሁ፤ ይቆጨዋል፣ አይዞሽ" አለኝ።

ሚጢጢ፣ እኔ ያንን ነገር ለማን ነው የነገርኩት? ለአንቺ ብቻ ነው። ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ። አንቺ ወስደሽ ፈረስ ጋጣ ውስጥ አወራሽው። ሁለታችሁ ድርቆሽ እየበተናችሁ፣ የእኔን ዕንባ ለጨዋታ ማድመቂያ አደረጋችሁት። እሱ ጥሎን የሄደው ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያንን ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን በየማታው ቤት እየመጣሽ፣ ከእኔ ጋር እራት እየበላሽ ነው ይኼን ያደረግሽው። እሱ ከሄደበት ቀን ይልቅ ይኼ አመመኝ፤ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ እውነቴን ነው።

መነሻችን ስንደርስ መወጣጫው ጋ ቆሞ እንደገና እጁን ዘረጋ። እኔ በሌላው ጎን ተንሸራተትኩ። አንዱ እግሬ እርካቡ ውስጥ ቀርቶ፣ አዲሱ ሱሪዬ ከስፌቱ ተተርትሮ፣ አሸዋው ላይ በመቀመጫዬ ተፈጠፈጥኩ። አንቺም ሳቅሽ። ስትደነግጪ እንደምትስቂ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እማዬ ቀብር ላይም ስቀሽ ጎረቤት ሁሉ ሲያፈጥብሽ እቅፍ አድርጌ የሸፈንኩሽ እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ግን እኔን የሸፈነኝ አልነበረም። ያቺ የፈረሶቹ ባለቤት ናት ደግፋ ያነሳችኝ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ።

አባት መፈለግሽን አልጠላሁብሽም። ማን የማይፈልግ አለ? አንቺ ጥሎ የሄደውን ሰው አታስታውሺም፤ ያገኘሽው ፈረስ የሚያስተምር፣ ቀልድ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ደግ ይሆናል፣ አላውቅም። መጥተሽ "እቴቴ፣ አግኝቼዋለሁ" ብትዪኝ ሰሃን እሰብር ነበር፣ ሳምንት አላናግርሽም ነበር፤ ከዚያ ግን "ጤናው እንዴት ነው?" ማለቴ አይቀርም ነበር። ያንን ዕድል ነው የከለከልሽኝ።

ፎቶውን ላክሽልኝ። "የመጀመሪያው የቤተሰብ ፎቶአችን" ብለሽ ጽፈሽበታል፤ ለሰርጉ አዳራሽ በትልቁ ልታሳጥቢው እንደሆነም ነግረሽኛል። አታሳጥቢው። እዚያ ላይ የምስቀው ለአንድ ፈረስ መሪ ነው። አንቺ፣ እሱና የፈረሶቹ ባለቤት ሦስታችሁ የምታውቁትን እኔ አላውቅም ነበር፤ ባለማወቄ የሳቅሁትን ሳቅ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው አልፈልግም።

ትናንት ደግሞ "በሰርጉ ቀን አባዬ በግራ፣ አንቺ በቀኝ ሆናችሁ እንድታስገቡኝ ወስነናል" ብለሽ ላክሽልኝ። ከሥሩም "አስቀድሜ ብነግርሽ እምቢ ትዪኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የደበቅኩሽ" የሚል አለበት። አዎ፣ እምቢ እልሽ ነበር። መጠየቅ ማለት እኮ ይኼ ነው፤ የተጠየቀው ሰው እምቢ ሊል ይችላል።

ሰርግሽ ላይ እመጣለሁ። ይኼን አትጠራጠሪ፤ ያደረግሽኝን ሁሉ ባልረሳም ካንቺ ሰርግ መቅረት አልችልም። ከእሱ ጎን ግን "ወስነናል" ተብዬ አልቆምም። ያንን የምትፈልጊ ከሆነ ወደዚህ ነይ። ሱቁ ክፍት ነው፣ እኔም መሬት ላይ ነው ያለሁት፣ በሩም ያስገባል፣ ያስወጣልም። ፊት ለፊቴ ቆመሽ ጠይቂኝ። ምን እንደምመልስልሽ እኔም አላውቅም፤ አንቺም ሳታውቂ ጠይቂኝ።

እሱ ሲሄድ ማንም አልጠየቀኝም። እማዬ የሞተች ጊዜ ትልልቆቹ ሰዎች ሳሎን ውስጥ ሲንሾካሾኩ ቆይተው፣ ያንቺን እጅ አምጥተው እጄ ውስጥ አስገቡና ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትችያለሽ ወይ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ የለም።

ቢጠይቁኝ እኮ እሺ እል ነበር፣ ሚጢጢ። አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቀኝ፣ እሺ እል ነበር።

ያሳደገችሽ
እቴቴ