እማዬ ለየሻለም ያልነገረቻት

ኅዳር 3
አጥሚት ሠራሁ፣ አንሶላዋን አጠብኩ። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ እማዬ ያለ ሞርፊን ሽሮፕ እንቅልፍ የላትም። አጠጣኋት። ምስጋናዋ... "የሻለም መቼ ነው የምትመጣው?"

ኅዳር 6
ታናሼ የሻለም ከደሴ ወደዚህ መካነ ሰላም ገባች። እማዬ ፊቷ በራ። እኔ ሳጎርሳት "ጠገብኩ" የምትለው ሴትዮ ከእሷ እጅ ደጋግማ ጎረሰች! ለጎረቤት ደግሞ "ልጄ ነፍስ ዘራችብኝ" አለች። እኔስ የማን ልጅ ነኝ?

ኅዳር 9
ሆዷ ተነፍቷል። ምግብ ዘጋት። "ሽንት ቤት ትሄጃለሽ ወይ?" ብላት፣ "ደህና ነኝ፣ አብሽሪ።" የሻለም ተልባ በጠበጠችላት።

ኅዳር 10
ቀጭን ውሃ አመለጣት። "አላልኩም? ተልባው ሠራ!" አለች የሻለም። እማዬ መረቀቻት። ጨርቁን ያጠብኩት እኔ... በዚህ ዕድሜ በእህት መቅናት? አዎ፣ አንገበገበኝ።

ኅዳር 11
"ሞርፊኑን አልጠጣም፣ ከዚህስ ህመሙ ይሻለኛል" አለች። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ዶክተር ሀያት ሆዷን ዳሰሰች።
"ያስመልስዎታል እማማ? ጋዝስ ይወጣል?"
"አያስመልሰኝም። ይወጣል።"
"ሰገራስ? ይደርቃል?"
እማዬ ዓይኗን ሰበረች። የሻለም ቀደመች፣ "ኧረ ተቅማጥ ነው ያለባት!"
እማዬ ቀሚሴን ያዘች። "የሻለም ትውጣ። አንቺ ቆዪ።"
ከዚያ ተናገረች። ሽሮፑን ከጀመረች ወዲህ ሽንት ቤት መቀመጥ ጭንቅ ነው። የደበቀችን አፍራ ነው።
ዶክተሯ ጓንት አድርጋ መረመረቻት። "ደርቆ ዘግቷል። ውሃው በጎን እየሾለከ ነው እንጂ ተቅማጥ አይደለም። ሞርፊን አንጀትን ያዘገየዋል። የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ ሰውነት ይለምደዋል፣ ድርቀቱን ግን አይለምደውም። ማለስለሻ ክኒን ከመጀመሪያው አብሮ መታዘዝ ነበረበት።"
"ተልባስ?" አልኩ ቶሎ።
"አንጀቱ ካልገፋው ይብስ ይከመራል። ሞርፊኑን ግን እንዳታቋርጡ።"
ተልባው ውድቅ ሲሆን ደስ አለኝ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?
ከታች የሚገባ መድኃኒትና በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሰጠችን።

ኅዳር 12
ወጣላት! ደግፌያት ሳለ አለቀስን፣ ሳቅን።
"የሻለም እንግዳዬ ናት፣ እንዲህ ሆኜ አትየኝ" አለች። "አንቺ ግን ገላዬ ነሽ።"

ኅዳር 15
ሞርፊኑን ትጠጣለች። በላች። ከየሻለም እጅ፣ ያው።
የሻለም ጓሮ ጠራችኝ። "ለምን ለእኔ አልነገረችኝም? ልጇ አይደለሁም?" ዓይኗ ቀላ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ... የእኔው ነው።
የማለስለሻውን ክኒን እጇ ላይ አደረግኩላት።
"የዛሬውን አንቺ ስጫት" አልኳት።