ራዲዮኑ ያለው ሦስት ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ገሠሠ፣ ድሬዳዋ።

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ ነፋስ ስልክ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን።

የራዲዮኑ መካሪ «ትኩሳት ሦስት ቀን ሳይሞላው ሐኪም ቤት አትሩጡ» ካለ ወዲህ እኛ ነርሶች አበሳችንን እያየን ነው። ሕፃናቱ የሚመጡልን በአራተኛው ቀን፣ ተዝለፍልፈው ነው። «ለምን ዘገያችሁ?» ስንል «ራዲዮኑ ነዋ!» ይሉናል። መቆጣቱም ደከመኝ።

እምዬንም ከእሑድ ጀምሮ ትንሽ ያተኩሳታል። ትናንት «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብላት «ገሠሠ የላከልኝ ራዲዮ ይዋሻል? ገና ሁለት ቀኔ!» ብላ ገሠጸችኝ። ተናድጄ የራዲዮኑን ባትሪ ድንጋይ አውጥቼ ደበቅሁት። ያለ ራዲዮ ውላ የማታውቀው እምዬ ይኸው እስካሁን ለምን ዝም እንዳለ አልጠየቀችኝም።

ይህን የምጽፍልዎ ያስጠራሁት ታክሲ እስኪመጣ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ያሉትን ግን፣ ወንድም ጋሼ፣ በመጀመሪያው ባቡር ያድርጉት።

ናፋቂ እህትዎ ውዳሴ