የማይዞረው ነጥብ

ኦማሩ፣ ሰኞ፣ ጁላይ 14

ሺናዬ፣ የእኔ ናፍቆት፣

እንደምን ከረምሽልኝ? አበርዲን በጋ ገብቷል ብለሻል፤ እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል።

አባትሽ ከኮረብታው ነጭ አፈር እያጠበ ያወጣቸውን ደያቶሞች፣ እነዚያን ለዓይን የማይታዩ የባሕር አልጌ ቅርፊቶች፣ ሁሉንም ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ ብዬሽ አልነበር? ሁለት መቶ አስራ ስድስት የመስታወት ስላይድ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ዝምታ ሊያንቀኝ ይደርሳል፤ ስለዚህ ቁርሴን እንደበላሁ ማይክሮስኮፑ ጋ እቀመጣለሁ። ትንሿን ካሜራሽን እሱ ከቧንቧ ቁራጭ በሠራላት አንገት መመልከቻው ላይ እሰካታለሁ። መጀመሪያ ጥቁር ክብ ምስሉን ዙሪያውን ከበበብኝ፤ ዙም ሳደርግ ለቀቀኝ። ቀጥሎ መሃሉ ቦግ አለ። ለካ ፍላሹን አላጠፋሁትም!

ከዚያ ግራጫ ነጥብ መጣ፤ ልክ ደያቶሟ ላይ። አባትሽ ምን ይል ነበር? "ኤልሲ፣ አትነታረኪ፣ አዙሪ! ስላይዱን ስታዞሪ ከዞረ ጉድፉ እዚያ ነው። መመልከቻውን ስታዞሪ ከዞረ እዚያ ነው። በሁለቱም ንቅንቅ ካላለ ካሜራሽን ጥረጊ።" አዞርኩ፣ ጠረግኩ፣ ወይ ፍንክች! ተናድጄ ሰማንያ ፎቶ አጠፋሁ።

አንድ ሐሙስ ናይሪ መጣች፤ ከማይክሮስኮፕ ማኅበራችን የቀረነው እሷና እኔ ነን። የካሜራውን ስክሪን አሳየኋት።

"የቱ ነጥብ?" አለችኝ።

"ይሄ ነዋ! መሃሉ ላይ!"

"ኧረ ባክሽ ኤልሲ፣ ጥርት ያለ ነው! ደሞ ስክሪን በአንድ ዓይን ይታያል እንዴ? ማንን ነው የምትጠቅሽው?"

አርባ ዓመት በአንድ ዓይን ቱቦ ውስጥ ያየ ሰው፣ ግራውን መጨፈኑንም አያውቀውም። ስቄ ግራዬን ከፈትኩት፤ ነጥቡ ሳሳ። ቀኜን ጨፈንኩት፤ ጠፋ። ናይሪም ሳቋን አቆመች።

ጉድፉ እኔው ውስጥ ነበር፣ ልጄ። ያጠፋኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ደህና ነበሩ። የዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ የቀኝ ዓይንሽ መሃል ተበላሽቷል፣ ግራውንም ጀምሮታል አለኝ። በስልክ "ደህና ነኝ" ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው፤ ፈርቼ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ።

ትናንት ግድግዳው ላይ ያለውን የምረቃ ፎቶሽን አየሁት። በቀኜ ሳይ ነጥቡ ፊትሽ ላይ ያርፋል። በግራዬ ግን አለሽ፤ አፍንጫሽ ላይ ያሉት ጠቃጠቆዎች ሳይቀሩ። ለገና እመጣለሁ ያልሽው ቀደም ቢል ምናለ? ካልተመቸሽም ግድ የለም፤ እኔ የት እሄዳለሁ። ስላይዶቹን በግራዬ እንደገና ጀምሬአለሁ፤ ሠላሳ አንዱን ልኬልሻለሁ። ነጥብ ካየሽባቸው ንገሪኝ።

ሥራሽን ይባርክልሽ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ። በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ድሮ ይህን የምጽፈው ደብዳቤ መዝጊያ ስለሆነ ነበር።

እናትሽ ኤልሲ